መጀመሪያ ለሕመምተኛዋ ይነገር

ካንሰሩ ወደ አጥንት ወይም ወደ ጉበት ተሰራጭቷል የሚል ውጤት ድሬዳዋ ውስጥ ለአንድ ቤተሰብ ሲደርስ፣ ብዙ ጊዜ ከሕመምተኛዋ በቀር ሁሉም ይሰማል። ወንድምና አጎት ይመክራሉ፣ ውጭ ያለ ልጅ ይደወልለታል፣ ገንዘብ ይዋጣል፣ ቤት ለደላላ ይሰጣል። እሷ ግን «ጨጓራ ነው፣ ይሻልሻል» ተብላ ከ500 ኪሎ ሜትር በላይ ተጉዛ አዲስ አበባ ጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ትደርሳለች። ይህ የሚደረገው ከፍቅር የተነሳ መሆኑን እናውቃለን። ያም ሆኖ ስሕተት ነው።

የኬሞቴራፒውን ማቅለሽለሽና ድካም የምትችለው፣ ከልጆቿ ርቃ ተራ የምትጠብቀው እሷ ናት። እሺም እምቢም ማለት የእሷ ነው። ዝርዝሩን መስማት ካልፈለገች ደግሞ ይህንንም ራሷ ትበል።

ሐኪሙ በግልጽ ሊጠየቅ ይገባል፦ ይህ ሕክምና የሚሰጠው ለማዳን ነው፣ ዕድሜ ለማራዘም ነው ወይስ ሕመም ለማስታገስ? መልሱ ጉዞውን ሁሉ ይቀይራል። ካንሰር አጥንት ውስጥ ገብቶ ለሚያመጣው ሕመም አንድ ጊዜ ብቻ የሚሰጥ 8 ግሬይ (የጨረር መጠን መለኪያ) ጨረር፣ ለ10 ቀን ተከፋፍሎ ከሚሰጠው ጋር የተቀራረበ እፎይታ እንደሚያስገኝ በርካታ ጥናቶች አሳይተዋል፤ ሆኖም ሕመሙ ተመልሶ ጨረሩን መድገም ሊያስፈልግ ይችላል። አዲስ አበባ አልጋ ተከራይቶ ያስታመመ ሰው የአንድ ቀንና የሁለት ሳምንት ልዩነት ምን ማለት እንደሆነ ያውቃል። የጨረር ሕክምና እንዲስፋፋባቸው ከተመረጡት የመንግሥት ሆስፒታሎች አንዱ ደግሞ እዚሁ ሐረር ያለው ሕይወት ፋና ነው። ሪፈር ከመጻፉ በፊት እዚያ ምን እንደሚሰጥ ይጣራ።

ማስታገሻ ሕክምና ተስፋ ሲቆረጥ የሚሰጥ ይመስላል። ግን እ.ኤ.አ. በ2010 በወጣ የቦስተን ጥናት፣ 151 የተሰራጨ የሳንባ ካንሰር ሕሙማን በሁለት ተከፈሉ። ከተለመደው ሕክምና ጎን ማስታገሻውን ከመነሻው ካገኙት ግማሾቹ ከ11.6 ወር በላይ ኖሩ፤ ከሌሎቹ ግን ግማሾቹ የኖሩት ከ8.9 ወር በላይ ነው። ጥናቱ ለሁሉም ካንሰር ማስረጃ አይሆንም፤ ሕመምን ማስታገስ ዕድሜ ያሳጥራል የሚለውን ፍርሃት ግን አይደግፍም።

በየ4 ሰዓቱ በአፍ የሚወሰድ ሞርፊን፣ ሆድ እንዳይደርቅ ከማለስለሻ ጋር ሲታዘዝ፣ ሌሊቱን ስትቃትት የምታድርን እናት ያስተኛል። ሱስ ያስይዛል ተብሎ ሊነፈጋት አይገባም። አዲስ አበባ ላይ ሆስፒስ ኢትዮጵያ ነርሶቹን ቤት ድረስ እየላከ ሕሙማንን ይንከባከባል። ከገንደ ቆሬ እስከ ሳቢያን ያለው ሕመምተኛም ይህ ይገባዋል።

ስለዚህ የድሬዳዋ ጤና ቢሮ በድል ጮራና በሳቢያን ሆስፒታሎች በአፍ የሚወሰድ ሞርፊን እንዳይቋረጥ ያድርግ፤ ቤት ለቤት የሚሄዱ ነርሶችንም ይመድብ። ሐኪሞች የሕክምናውን ዓላማ በሕመምተኛዋ ቋንቋ፣ በአማርኛም በኦሮምኛም በሶማሊኛም፣ ለራሷ ይንገሯት። ቤተሰብም ቤቱን ለገዢ ከማሳየቱ በፊት እሷን ይጠይቃት።