ኮምፓይለሩ አልተበላሸም፤ ያሳሳትናችሁ እኛ ነን

"ቲቸር፣ ኮምፓይለሩ ተበላሽቷል መሰለኝ" ብሎ አንድ የድሮ ተማሪዬ ትናንት ማታ ጻፈልኝ። ስትራክቱን በስም ብቻ አስተዋውቆ፣ ከስሩ የዚያን ስትራክት አሬይ የሚቀበል ፋንክሽን ዲክሌር አድርጓል። ጂሲሲ የኤለመንቱ ታይፕ አልተሟላም ብሎ መለሰው። ቅንፏን አንስቶ በኮከብ፣ ማለትም በፖይንተር ሲጽፈው ግን አለፈ። መስሪያ ቤቱ ያለው ሲኒየር ደግሞ ምን ቢለው ጥሩ ነው? "በሲ ፕላስ ፕላስ ኮምፓይል አርገው፣ ይሰራል።" እውነትም ሰራ።

እኔን የምታናድደኝ ይቺ "ይሰራል" የምትባል ቃል ናት!

"አሬይና ፖይንተር አንድ ናቸው" ብለን ያስተማርናችሁ እኛ ነን። እኔም ሰሌዳ ላይ ጽፌዋለሁ፣ አልክድም። ውሸት ነው። ፓራሜትር ላይ የተጻፈ አሬይ ወደ ፖይንተር ይለወጣል፤ ከመለወጡ በፊት ግን መጀመሪያ ትክክለኛ አሬይ መሆን አለበት። የ1999ኙ የሲ ስታንዳርድ ደግሞ የአሬይ ኤለመንት ያልተሟላ ታይፕ እንዳይሆን በግልጽ ይከለክላል። ጂሲሲ ራሱ ድሮ እንዲህ ያለውን አሬይ ያሳልፍ ነበር፤ በሩን የዘጋው በ2005 በወጣው 4.0 ነው። ክላንግም በሲ ያው ነው።

የአንዱን ቤት ስፋት ሳትነግረኝ "ከመንገዱ ጫፍ ተነስተህ ሶስተኛው በር ድረስ በእርምጃ ለካ" ብትለኝ ምን ልሁን? ፖይንተር አድራሻ ነው፤ ቤቱን ሳታየውም አድራሻውን ኪስህ ውስጥ መያዝ ትችላለህ። ሲ ፕላስ ፕላስም ቢሆን የፈቀደልህ ዲክሌር እንድታደርግ ብቻ ነው። ስትራክቱ ሳይሟላ ሁለተኛውን ኤለመንት አውጣ በለው እስቲ፣ እሱም ይጮሃል።

እውነቱን ለመናገር፣ ፓራሜትር ላይ ህጉ ከሚያስፈልገው በላይ ጠበቅ ያለ ይመስለኛል። ሲ ፕላስ ፕላስ ፈቅዶት ሰማይ አልተደፋም። ግን በአንድ መስመር ኤረር ምክንያት ቋንቋ ይቀየራል እንዴ? ነገ ማሎክ የመለሰውን ያለ ካስት አልቀበልም ሲልህ፣ ከነገ ወዲያ ደግሞ የፋንክሽኑ ስም ተቀይሮ ከሌሎቹ የሲ ፋይሎች ጋር ሊንክ አልሆን ሲልህ፣ ሲኒየሩ የት ነው የሚገኘው?

ልጄ፣ ኮከቧን መልሳት፤ ካልሆነም ስትራክቱን ከላይ አሟላው። ለሲኒየሩም ይህንን አሳየው። ቅር ካለው ኮመንት ላይ እጠብቀዋለሁ።