ዕዳው ካለቀ በኋላ የተጨበጠ እጅ

በረመዳን ወደ ኢማም የሚመጣው ጥያቄ በአብዛኛው የታወቀ ነው፤ ስለ ኒያ፣ ስለ መድኃኒት፣ ስለ ቀዳ፣ ስለ ዘካ። ከጥቂት ዓመታት ወዲህ ግን አንድ ሌላ ተጨምሯል። የቤት ዕዳቸውን ከቀነ ገደቡ ቀድመው የጨረሱ ሰዎች ይመጡና «አልሐምዱሊላህ ከፈልን፤ ግን ያሰብነው ደስታ አልመጣም፤ የተረፈው ገንዘብም የት እንደሚገባ አናውቅም» ይላሉ። ይህን የጥጋብ ጥያቄ ነው ብሎ የሚያልፍ ሰው አለ። እኔ ግን መልስ የሚገባው ጥያቄ ነው እላለሁ።

እኛ ባሮ ዳር የምንኖረው ሰዎች ቤት በባንክ መሥራት የቆየ ልማዳችን አይደለም። ነጋዴው ቤቱን የሚያቆመው በዕቁብና ከዘመድ በተበደረው ገንዘብ፣ ዘንድሮ ቆርቆሮውን ከርሞ ሲሚንቶውን እየገዛ ነበር። አዲስ አበባ ያለው ዘመዳችን በ1997 ወይም በ2005 ዓ.ም. ለኮንዶሚኒየም ተመዝግቦ ዕጣ ሲደርሰው፣ የ20/80 እና የ40/60 ቀሪ ሒሳብ ከወለድ ጋር መሆኑ ብዙውን ሙስሊም ቤተሰብ አስጨነቀ። ከዚያ ከወለድ ነፃ የባንክ መስኮቶች መጡ፤ በ2013 ዓ.ም. ዘምዘም ባንክ በአገራችን የመጀመሪያው ሙሉ በሙሉ ከወለድ ነፃ ባንክ ሆኖ ሥራ ጀመረ፤ ሒጅራ ባንክም ተከተለ። በሙራበሃ፣ ማለት ባንኩ ንብረቱን ገዝቶ ትርፉን አስታውቆ በክፍያ በሚሸጥበት ውል፣ ቤት ወይም የግንባታ ዕቃ የወሰደ ሰው ዛሬ በየመስጂዳችን አለ። ከእነዚህ መካከል ነው ቀድሞ የጨረሰው።

ቀድሞ ለጨረሰው ሰው የመጀመሪያው ፈተና ጸጸት ነው። ገበያ ወጥቶ «ዕዳዬን ጨረስኩ» ሲል አንዱ ይነሳና «ሞኝ ነህ! ብሩ በየዓመቱ አቅሙን እያጣ፣ የቆረጥከው ዋጋ ሳይጨምር፣ በገንዘቡ ዕቃ ብታመጣበት ኖሮ» ይለዋል። ሌሊት እንቅልፍ የሚነሳው ይህ ንግግር ነው። ሒሳቡ በራሱ ስህተት አይደለም። የሙራበሃ ዋጋ አንዴ ከተቆረጠ አይጨምርም፤ ስለዚህ የኑሮ ውድነት ዕዳውን ያቀለዋል። ሒሳቡ የማያስገባው ሞትን ነው። የአማኝ ነፍስ ዕዳው እስኪከፈልለት ድረስ የተንጠለጠለች መሆኗን ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ነግረውናል። በሶላታቸው ውስጥ ከዕዳ በአላህ ይጠበቁ ነበር፤ ለምን ተብለው ሲጠየቁም ባለዕዳ ሲናገር እንደሚዋሽ፣ ቀጠሮም እንደሚያፈርስ ነበር የመለሱት። የሁለት ዲናር ዕዳ የነበረበት ሰው ጀናዛ ሲቀርብም አቡ ቀታዳ ዕዳውን እስኪወስድ ድረስ አልሰገዱበትም። ይህን ሸክም ከልጆቹ ትከሻ ያወረደ አባት በገበያ ሒሳብ ሞኝ ቢባል ምን ይጎዳዋል? ብድሩ የወለድ ከነበረ ደግሞ ጭራሽ የሚጸጽት ነገር የለበትም፤ ቀድሞ በመክፈሉ ያሳጠረው የሪባን ዕድሜ ነው።

ሌላው ቅሬታ «ቀድሜ ስከፍል ባንኩ ከትርፉ አልቀነሰልኝም» የሚል ነው። ዓለም አቀፉ የእስልምና ፊቅህ አካዳሚ እ.ኤ.አ. በ1992 በጅዳ ባደረገው ጉባኤ፣ ቀድሞ ለሚከፍል ሰው ከዕዳው መቀነስ አስቀድሞ በውል ካልታሰረ የተፈቀደ ነው ብሏል። ከዕብ ኢብኑ ማሊክና ባለዕዳው በመስጂድ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው ሲከራከሩ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ለከዕብ ግማሹን ተው ብለው ምልክት ማሳየታቸውና ባለዕዳውንም ተነስተህ ክፈል ማለታቸው የታወቀ ነው። እንግዲህ ቅናሽ የአበዳሪው ቸርነት እንጂ የተበዳሪ መብት አይደለም። ጠይቃችሁ ካልተደረገላችሁ በልባችሁ አትያዙት።

ከጸጸት የሚከብደው ግን ልማድ ነው። ሦስትና አራት ዓመት «ዕዳ አለብን» እየተባለ የኖረ ቤት ዕዳው ሲወጣ ወዲያው አይለወጥም። ሚስት ለቤት ዘይት ብር ስትጠይቅ አባወራው አሁንም ፊቱን ያጠቁራል። ልጁ የትምህርት ቤት ጫማ ሲል «ቆይ» ይባላል። ምክንያቱ ሄዷል፤ የተጨበጠው እጅ ግን እንደተጨበጠ ነው። በቁጠባ ስም የገባው ነገር ስስት ሆኖ ቤቱን ይወርሳል፤ ስስት ደግሞ ለራሱ ሁልጊዜ ጥሩ ስም ያወጣል።

ወንድሞቼ፣ ዕዳውን ቀድማችሁ የጨረሳችሁት ብቻችሁን አይደለም። ወጡን ያሳነሰችው፣ ለኢድ አዲስ ልብስ ያልጠየቀችው፣ እናቷን ለመጠየቅ ወሎ ወይም ስልጤ መሄዱን ለዓመት ያቆየችው ሚስታችሁ ከፍላለች። ልጆቹም ከፍለዋል። ስለዚህ ከተፈታው ገንዘብ የመጀመሪያው ባለመብት እነሱ ናቸው። ሂንድ ባሏ አቡ ሱፍያን ቆንቋና ሆኖባት ስትከስ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ለእሷና ለልጆቿ በልማድ የሚበቃውን ከገንዘቡ እንድትወስድ ፈቅደውላታል። ለቤተሰብ የሚወጣ ዲናር በምንዳ ትልቁ መሆኑንም አስተምረዋል። በዚህ ረመዳን፣ ሙቀቱ 40 ዲግሪ በሚደርስበት፣ ባሮም በጎደለበት ወር ቀኑን ሙሉ ጾማ ምድጃ ፊት የምትቆም ሴት፣ ባሏ ተቀምጦ «ምን ተጎድቶብሽ ነበር?» ብሎ እንዲጠይቃት ይገባታል።

በሌላው በኩል እጁ በአንዴ የሚፈታ አለ። ትናንት በወር 12 ሺህ ብር ለባንክ ሲከፍል የነበረ ሰው ዛሬ ያ 12 ሺህ ብር የት እንደገባ አያውቅም። ስልክ ይቀየራል፣ ሶፋ ይገባል፣ በስድስት ወሩ እንደገና ብድር ይጠየቃል። ቁርኣን እጅን ከአንገት ጋር ከማሰርም ጨርሶ ከመዘርጋትም ከልክሎናል። ለእነዚህ የምመክረው የክፍያውን ቀን እንዳይተዉ ነው። ባንኩ በወሩ በ5ኛው ቀን ይቆርጥ ከነበረ፣ በዚያው ቀን ከገንዘቡ ቢያንስ ግማሹ ወደ ሌላ ከወለድ ነፃ ሒሳብ ይሂድ፤ ከአራት እስከ ስድስት ወር ያለው የቤት ወጪ እስኪሞላ ድረስ አይነካ። ዩሱፍ (ዐ.ሰ) በሰባቱ የጥጋብ ዓመታት ያስቀመጠው ነው ሰባቱን የድርቅ ዓመታት ያሻገረው። ይህ ለጋምቤላ ሰው እንግዳ ነገር አይደለም። በ1894 ዓ.ም. ስምምነት መሠረት እዚህ ወደብ ተከፍቶ ቡናችን በእንፋሎት መርከብ ወደ ሱዳን ይወርድ በነበረበት ዘመን፣ መርከቡ የሚመጣው ባሮ በክረምት ሲሞላ ብቻ ነበር። ነጋዴው በዚያች ወቅት ባገኘው በጋውን ይሻገር ነበር። ዛሬም ከመቱ በጎሬ የሚመጣው መንገድ ሲዘጋ ሱቁ ምን እንደሚሆን የምታውቁት ናችሁ።

ወደ ዘካ ልምጣ፤ ብዙዎች የሚዘነጉት እዚህ ላይ ነው። የምትኖሩበት ቤት ዘካ የለበትም። ዕዳን ከዘካ ሒሳብ መቀነስ ላይ ግን መዝሀቦች ይለያያሉ፤ በሐነፊ ይቀነሳል፣ በሻፊዒ በጠንካራው አስተያየት ዕዳ ዘካን አይከለክልም፤ ከዘመናችን ዑለማዎች ብዙዎቹ በረጅም ጊዜ ክፍያ ላይ የዓመቱን ድርሻ ብቻ ቀንሱ ይላሉ። አምና የዓመቱን ክፍያ 144 ሺህ ብር ከሸቀጡና ከጥሬ ገንዘቡ ቀንሶ ያሰላ ነጋዴ ዘንድሮ የሚቀንሰው የለውም። የሱቁን ሸቀጥ በዛሬ መሸጫ ዋጋ፣ ከጥሬ ገንዘቡና ይከፈለኛል ብሎ ከሚያምነው ዱቤ ጋር ደምሮ፣ ኒሷብ ከሞላና ዓመት ከዞረው ከመቶ 2.5 ያወጣል። በዚያ 144 ሺህ ላይ ብቻ 3 ሺህ 600 ብር ይጨምራል። ኒሷቡ 85 ግራም ወርቅ ወይም 595 ግራም ብር ማዕድን ነው፤ ዋጋቸው ዛሬ እጅግ ስለተራራቀ የትኛውን እንደምትከተሉ ሰፈራችሁ ያለውን ዓሊም ጠይቁ። ሐጅንም «ዕዳ አለብኝ» ብሎ ያዘገየ ሰው ምክንያቱ እንዳበቃ ይወቅ።

የወረቀቱን ነገር በአጭሩ ልበል። ከባንክ የክሊራንስ ደብዳቤ ሳትቀበሉ፣ በካርታው ላይ የተመዘገበውን እገዳ በመዝጋቢው ቢሮ ሳታስነሱ ዕዳው አልቋል ብላችሁ አትቀመጡ። ሰው ሲሞት ወራሾች የሚንከራተቱት በዚህ ነው።

እገዳው በተነሳ ማግስት ደግሞ ዘመድ ይመጣል፤ «ካርታህን ለመያዣ ስጠኝ» ይላል። አገራችን ይሉኝታ የበዛባት ናት፤ እምቢ ማለት ይከብዳል። በበኩሌ ቤትን ለሰው ዕዳ ማስያዝ አልመክርም። ለዘመድ በስጦታ ወይም በቀርድ ሐሰን መስጠት የምትችሉትን ስጡ፤ ቤቱ ግን የሚስትም ነው። የፌዴራሉ የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ፣ አዋጅ ቁጥር 213/1992፣ የጋራ የማይንቀሳቀስ ንብረት በመያዣ የሚሰጠው በሁለቱም ስምምነት ነው ይላል። እምቢታችሁን በእሷ ላይ አታላክኩ እንጂ ሳትጠይቋት እሺ አትበሉ።

ከኢድ በፊት የሱቃችሁን የዱቤ መዝገብ ግለጡት። ከባለዕዳዎቻችሁ መካከል በእውነት ያጣ አለ። ቁርኣን ለእሱ እስኪያገኝ ጊዜ መስጠትን ያዛል፤ መማር ደግሞ የበለጠ መሆኑን ይነግረናል። ባለዕዳ ከስምንቱ የዘካ ተቀባዮችም አንዱ ነው። ነገር ግን «ዱቤውን ሰርዤልሃለሁ፤ ይህ ዘካዬ ነው» ማለት በአብዛኞቹ ዑለማዎች ዘንድ ዘካን አያወርድም። ዱቤውን የማራችሁት ሰደቃ ነው፤ ዘካው ለብቻው ተቆጥሮ በተቀባዩ እጅ ይገባል።