ውሻዋን ይዛ የተሳፈረች ዓይነ ስውር

ባለፈው ረመዳን አንድ ምሽት ከዋሽንግተን ዲሲ ለዕረፍት የመጣ የወሎ ልጅ አብሮን አፍጥሮ ነበር። ሥራው ታክሲ መንዳት ነው። እዚያ ከተማ በታክሲ ከሚተዳደሩት መካከል የአገራችን ልጆች ብዙ መሆናቸውን ዘመድ ያለው ሁሉ ያውቃል። ቴምሩና ሾርባው ተነስቶ ሻይ ሲቀርብ፣ ይህ ወንድማችን ጥቂት ሲያመነታ ቆየና አንድ ነገር አነሳ።

«አንድ ቀን ሱብሒ ሰግጄ እንደወጣሁ በስልክ ተጠራሁ። ደጃፏ ስደርስ ሴትዮዋ ዓይነ ስውር ናት፤ አጠገቧ አንድ ትልቅ ውሻ ቆሟል። መስኮቱን ዝቅ አድርጌ ‹ውሻ አልጭንም› አልኳትና ሄድኩ። ከቀናት በኋላ ቅሬታ ገብቶብኝ ተጠራሁ፣ ገንዘብም ተቀጣሁ። የሃይማኖት ጉዳይ ነው ብዬ ብከራከር የሚሰማኝ አጣሁ። እናንተ ምን ትላላችሁ?»

እውነቱን ለመናገር፣ ከመካከላችን አንዱ ወዲያው «ልክ ነህ» ሊለው ዳድቶት ነበር። ቤቱ ውሻ የማይገባበት ሰው እንዲህ ቢያስብ አይፈረድበትም። ሆኖም ሕጉንም ሸሪዓውንም ሳያዩ መፍረድ ተገቢ ስላልሆነ ነገሩን ከሥሩ ማየት ጀመርን።

አሜሪካ የአካል ጉዳተኞችን መብት የሚያስከብረውን ሕግ ያወጣችው እ.ኤ.አ. በ1990 ነው። ሕጉ የሚመለከተው መንግሥትን ብቻ ሳይሆን ለሕዝብ አገልግሎት የሚሰጠውን ሁሉ ነው፤ ባለ ሱቁን፣ ባለ ምግብ ቤቱን፣ ባለ ሆቴሉን፣ ባለ ታክሲውን ጭምር። ባለ ታክሲ ተሽከርካሪ ወንበር ያለውን መንገደኛ ወንበሩን አጣጥፎ ዕቃ መጫኛው ውስጥ እንዲያስገባ ሊረዳው ይገባል፤ ለዚህም ተጨማሪ ሒሳብ መጠየቅ አይችልም። ዓይነ ስውሩን የሚመራ የሠለጠነ ውሻም በሕጉ ዘንድ እንደ ቤት እንስሳ አይቆጠርም፤ ሰውየው በሄደበት አብሮት ይገባል።

ነጂው መጠየቅ የሚፈቀድለት ሁለት ነገር ብቻ ነው። ውሻው የሚያስፈልገው በአካል ጉዳት ምክንያት ነው ወይ? ምን እንዲሠራስ ሠልጥኗል? ወረቀት አምጣ ማለት አይችልም። ውሻ እፈራለሁ ወይም ጠጉሩ ያስነጥሰኛል ማለትም ምክንያት አይሆነውም። ውሻው ከባለቤቱ ቁጥጥር ውጭ ከሆነ ግን ማስወረድ ይችላል። ወረቀት አለመጠየቁ ተራ የቤት ውሻውን «መሪዬ ነው» ለሚል አጭበርባሪ በር እንደሚከፍት አንክድም። ነገር ግን ዓይነ ስውሩ በየደጃፉ ወረቀት እንዲያሳይ ቢገደድ ጣጣው የሚወድቀው በእሱ ላይ ነው።

ቅጣቱም ቀላል አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2021 በሳን ፍራንሲስኮ አካባቢ የምትኖር አንዲት ዓይነ ስውር ከመሪ ውሻዋ ጋር 14 ጊዜ ከመሳፈር ስለተከለከለች፣ ኡበር የተባለው ኩባንያ 1.1 ሚሊዮን ዶላር እንዲከፍላት የግልግል ዳኛ ወስኗል። ኩባንያው «ነጂዎቹ የእኔ ተቀጣሪዎች አይደሉም» ብሎ ያቀረበው መከራከሪያ አላዳነውም። ከዚያ ቀደም እ.ኤ.አ. በ2007 በሚኒያፖሊስና በሴንት ፖል የአውሮፕላን ማረፊያ፣ አብዛኞቹ ሶማሌዎች የሆኑ ነጂዎች መጠጥ የያዘ መንገደኛ አንጭንም በማለታቸው አስተዳደሩ መንገደኛን እምቢ ያለ ነጂ በመጀመሪያው 30 ቀን እንዲታገድ፣ ሲደግመው ፈቃዱን ለ2 ዓመት እንዲነጠቅ ደንግጓል። የመጠጡ ጉዳይ ራሱን የቻለ መስአላ ስለሆነ ዛሬ አንገባበትም። የውሻው ግን ብዙዎቻችን እንደምናስበው የከበደ አይደለም።

እንግዳችን ልጅ ሳለ የሻፊዒይን ፊቅህ ቀርቷል። በዚያ መዝሀብ ውሻ ሁለመናው ነጃሳ ነው። በሐነፊይ ነጃሳ የሚባለው ምራቁ ነው፤ በማሊኪይ ደግሞ በሕይወት ያለ ውሻ ንጹሕ ነው። እንግዲህ የጠበቀውን የሻፊዒይን እንያዝ ብንል እንኳ፣ ደረቅ ነገር ደረቁን ሲነካ ነጃሳ አይተላለፍም። ሰባት ጊዜ ማጠብን የሚያዘው ሐዲሥ የመጣው ውሻ አፉን ስለከተተበት ዕቃ ነው። በሴትዮዋ እግር ሥር ወለል ላይ የተኛ ውሻ የነጂውን ልብስ የሚነካበት ምክንያት የለም። ምራቁ ወይም እርጥበቱ የነካው ቦታ ካለ ያ ቦታ ይታጠባል። ይህ ሥራን ያከብድ ይሆናል እንጂ ሰውን ደጃፍ ላይ ጥሎ ለመሄድ አያበቃም።

በሱረቱል ማኢዳ አላህ (ሱ.ወ) የሠለጠኑ አዳኝ እንስሳት የያዙትን መብላት ፈቅዷል። ለአደን፣ ለከብት ጥበቃና ለእርሻ ውሻ መያዝ እንደሚቻልም በሐዲሥ ተረጋግጧል። በግ ለመጠበቅ የተፈቀደ ውሻ ሰውን መኪና እንዳይገጨው ለመምራት እንዴት አይፈቀድም? እ.ኤ.አ. በ2008 በእንግሊዝ አገር በሌስተር ከተማ፣ ዓይነ ስውር የሆነ አንድ ሙስሊም ወጣት መሪ ውሻውን ይዞ ወደ መስጊድ እንዲመጣና ውሻው በመግቢያው በኩል በተዘጋጀለት ቦታ እንዲቆይ ፈትዋ ተሰጥቶለታል። ታክሲ ከመስጊድ አይከብርም።

ዐብደላህ ኢብኑ ኡሚ መክቱምንም (ረ.ዐ) አነሳን። ሱረቱ ዐበሰ የወረደው በእኚህ ዓይነ ስውር ሰሓባ ምክንያት መሆኑን ልጆቻችን ሁሉ ይቀሩታል። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ሙአዚን አድርገዋቸው ነበር፤ ከመዲና ሲወጡም በቦታቸው ይተኳቸው ነበር። እንግዳችን ይህን ሲሰማ ራሱን ነቅነቅ አደረገ፤ ልቡ ግን ገና አልረጋም።

«እሺ፣ ሸሪዓው እንዲህ ይሁን። ግን የከተማው ሹም ሃይማኖቴን ሳይጠይቅ እንዴት ያዘኛል?» አለ።

ለዚህ መልሱን ያገኘነው ከራሱ አፍ ነው። ቀደም ብሎ ሾርባ እየጠጣን ስለ ባለቤቱ አጫውቶን ነበር። አንድ ሱቅ ገብታ ሻጩ «በዚህ ሻሽሽ አላስተናግድሽም» ብሎ ይመልሳታል። እሷም አልተወችውም፤ ለከተማው አመለከተች፣ ሻጩም ይቅርታ እንዲጠይቃት ተደረገ። ይህን ሲያወራ በባለቤቱ ወኔ ኩራት ይነበብበት ነበር። የዋሽንግተን ዲሲ የሰብአዊ መብት ሕግ እ.ኤ.አ. የ1977 ነው። በዚያ አንድ ሕግ ውስጥ ነጋዴ ልዩነት ሊያደርግባቸው የማይፈቀዱት ነገሮች ሲዘረዘሩ ሃይማኖትም አለ፣ አካል ጉዳትም አለ። ለሻጩ «ሻሿን አልወደድኩትም» ማለት ከተፈቀደለት ለነጂውም «ውሻዋን አልወደድኩትም» ማለት ይፈቀድለታል፤ ለአንዱ ከተከለከለ ለሌላውም ይከለከላል። ባለቤቱ ያመለከተችበትን ሕግ ሴትዮዋም አመለከተችበት።

ወንድማችን ይህን ሲሰማ ዝም አለ። ሻዩ ቀዘቀዘ።

ከዚያ በኋላ ወሬያችን ወደ ሥራው ሆነ። የሚታጠብ ፕላስቲክ ከኋላ ወለሉ ላይ ማንጠፍ፣ መስገጃውንና የሰላት ልብሱን በከረጢት አድርጎ ዕቃ መጫኛው ውስጥ ማስቀመጥ፣ ትንሽ ውኃ መያዝ። ውሻው ጠጉሩን ቢያራግፍ የማጽጃ ብሎ ማስከፈል እንደማይቻልም ነገርነው፤ ይህን አያውቅም ነበር። ለሌሎቹ ጓደኞቹ እንደሚነግራቸውም ቃል ገባ፤ ከመካከላቸው ውሻ ሲያዩ የማይቆሙ እንዳሉ አልሸሸገንም።

ለዒሻ አዛን ሲል ተነሳን። ጫማውን እያጠለቀ፣ «ሴትዮዋን ይቅርታ ልጠይቃት ብል አድራሻዋን ይሰጡኝ ይሆን?» አለን። አይሰጡህም፣ ግን በእነሱ በኩል ደብዳቤ ብትልክላት አንብቦ የሚያሰማት ሰው አይጠፋም አልነው።