«አገርህ የት ነው?»

እኔ የምለው፣ ቀራንዮ ተወልዶ አጠና ተራ ኳስ ሲራገጥ ያደገን ልጅ «አገርህ የት ነው?» ማለት ምን የሚሉት ጣጣ ነው? «አዲስ አበባ» ሲል «እሱማ ነው፤ የአባትህን ማለቴ ነው» ይሉታል። አባቱም እዚሁ ተወልዶ ከተገኘ ወደ አያት ይኬዳል። በኢሕአዴግ ዘመንማ የቀበሌው መታወቂያ ራሱ ብሔሩን ይጠይቀው ነበር።

አያትየው መጡ፤ ማን ካደ? ከጉራጌ አገር መጥተው መርካቶ ተሸክመዋል፣ ጫማ ጠርገዋል፣ ዕቁብ ጥለው ሱቅ ከፍተዋል። በ1950ዎቹ የጉራጌ መንገድ ሥራ ማኅበር ሲቋቋም እንደሳቸው ያለው ነጋዴ ነው ከኪሱ ያዋጣው። የልጅ ልጅየው ግን ለመስቀል ሲወርድ ቋንቋውን አይችልምና ይሳቅበታል፤ ሲመለስ ደግሞ ሰፈሩ «ጉራጌው» ይለዋል።

ሎስ አንጀለስ የተወለደ የሜክሲኮ ስደተኛ የልጅ ልጅም ይኸው ጥያቄ አይቀርለትም። የሱ አያት ግን የሌላ መንግሥት ድንበር ተሻግረዋል። የኛዎቹ የተሻገሩት አዋሽን ነው!

ይበልጥ የሚያበግነኝ ሌላ ነው። ያው የተሸካሚ የልጅ ልጅ፣ ትናንት ከወላይታ የመጣውን ሊስትሮ «አንተ ፋራ፣ ከየት ነው የመጣኸው?» ይለዋል። ያውም ጫማውን እያስጠረገ።