የባሕር ማዶ ትምህርትና የአባቴ በሬዎች



በዚህ ዓመት በ12ኛ ክፍል ውስጥ ከፈተናው ያላነሰ ሲወራበት የከረመው ጉዳይ ባሕር ማዶ ሄዶ የመማር ጉዳይ ነው። በዕረፍት ሰዓት ስንገናኝ «አንተ ለየትኛው ዩኒቨርሲቲ አመለከትህ?» እንባባላለን እንጂ «የሚከፍልልህስ ማን ነው?» ብሎ የሚጠይቅ ብዙ አይገኝም። እኔ ግን ሁለተኛው ጥያቄ ከፊተኛው መቅደም አለበት እላለሁ። ይህንንም የምለው በገዛ ቤቴ የሆነውን አይቼ ነው።

ባለፈው መጋቢት ከአንድ የአሜሪካ ኮሌጅ የቅበላ ደብዳቤ መጣልኝ። የትምህርቱን ዋጋ እኩሌታ ኮሌጁ ይችላል፤ የቀረውን እኩሌታ፣ የመኝታውንና የምግቡን ወጪ ግን የምከፍለው እኔ ነኝ። እናቴ እልል አለች፤ ጎረቤት ተሰበሰበ፤ ቡና ተፈላ። ሰው ሁሉ ከሄደ በኋላ አባቴ «የቀረው ስንት ይሆናል?» ሲል ጠየቀኝ። በብር አስልቼ ነገርሁት። ጥቂት ዝም ብሎ ቆየና «እንግዲያውስ በሬዎቹን እንሸጣለን፤ መሬቱንም እናከራያለን» አለ። ሌሊቱን ሳሰላ አደርሁ። ሁለቱ በሬዎች ቢሸጡ የአንዱን ዓመት ወጪ ዐሥረኛ እጅ እንኳ አይሞሉም ነበር፤ ትምህርቱ ግን አራት ዓመት ነው።

ተማሪ ርቆ ሄዶ መማሩ ለእኛ አገር አዲስ ነገር አይደለም። ቅኔ ፍለጋ ከጎንደርና ከወሎ፣ ከሸዋም ጭምር ወደ ጐጃም ይመጣ የነበረው የቆሎ ተማሪ፣ በዘመኑ የሰው አገር ተማሪ ነበረ። ወደ ዋሸራ ወይም ወደ ጎንጅ ሲመጣ ደበሎውን ለብሶ፣ አኩፋዳውን አንግቶ፣ «በእንተ ስማ ለማርያም» እያለ ከደጅ ደጅ ይዞራል፤ ውሻም ይነክሰዋል። ሆኖም የኔታ ክፍያ አይጠይቁትም፤ ቁራሹንም የሚሰጠው የመንደሩ ሰው ነው። ድህነት ተማሪውን አስቸገረው እንጂ ከትምህርቱ ደጅ አልመለሰውም።

ባሕር የተሻገሩትም ቢሆኑ አብዛኞቹ የሚረዳቸው ነበራቸው። ዶክተር መላኩ በያን በ1922 እ.ኤ.አ. ወደ አሜሪካ ሄደው በኋላ በሃዋርድ ዩኒቨርሲቲ ሕክምና የተማሩት ከቤተ መንግሥት ተልከው ነው። በደርግ ዘመን ወደ ሶቪየት ኅብረትና ወደ ኩባ የሄዱት በሺሕ የሚቈጠሩ ተማሪዎችም የሄዱት በመንግሥታት ስምምነት ነው። ዛሬ ግን ያ ሸክም በአንድ ገበሬ ትከሻ ላይ ሲወድቅ እናያለን።

ሸክሙ ምን ያህል እንደ ሆነ በቍጥር ላሳይ። ወደ አሜሪካ ለመሄድ የቅበላ ደብዳቤ ብቻውን አይበቃም። ዩኒቨርሲቲው «አይ ትዌንቲ» የሚባለውን ቅጽ የሚልከው የመጀመሪያው ዓመት ወጪ መኖሩን የሚያስረዳ የባንክ ማስረጃ ሲቀርብለት ነው። ከዚያ በኋላ ሴቪስ ለሚባለው የተማሪዎች መዝገብ 350 ዶላር፣ ለቪዛ ማመልከቻ ደግሞ 185 ዶላር ይከፈላል፤ በድምሩ 535 ዶላር ነው። ቪዛው ቢከለከልም የቪዛው ክፍያ አይመለስም። ከሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. አስቀድሞ በባንክ አንድ ዶላር 57 ብር ያህል ነበር፤ የምንዛሬው ሥርዓት በዚያ ቀን ከተለወጠ ወዲህ ግን ከ100 ብር አልፏል። ዶላሩን በ100 ብር ብቻ ብናስበው እንኳ ያ 535 ዶላር 53,500 ብር ይሆናል። ይህ ሁሉ የትምህርት ዋጋ፣ የአውሮፕላን ቲኬትና ወደ አዲስ አበባ መመላለሻ ሳይታሰብ ነው።

«ጀርመን አገር ትምህርት በነጻ ነው» የሚሉ ጓደኞች አሉኝ። በአብዛኞቹ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎች የትምህርት ክፍያ አለመኖሩ እውነት ነው። ነገር ግን ተማሪው ለአንድ ዓመት መኖሪያ የሚሆን ገንዘብ በዝግ ሒሳብ እንዲያስቀምጥ ይጠየቃል፤ ይህም በ2024 እ.ኤ.አ. 11,904 ዩሮ ደርሷል። ስለዚህ ነጻ ማለት ያለ ገንዘብ ማለት አይደለም።

ሌሎች ደግሞ «እዚያ ከደረስህ ሠርተህ ትከፍላለህ» ይላሉ። በአሜሪካ በተማሪ ቪዛ የገባ ሰው በትምህርት ወራት በግቢው ውስጥ እንዲሠራ የሚፈቀድለት በሳምንት እስከ 20 ሰዓት ብቻ ነው፤ በመጀመሪያው ዓመት ከግቢ ውጭ ተቀጥሮ መሥራትም አይፈቀድለትም። በዚህ ደመወዝ መጽሐፍ መግዛት ይቻል ይሆናል እንጂ የኮሌጅ ዕዳ አይከፈልም። የባንክ ማስረጃ «አዘጋጅልሃለሁ» የሚል ደላላም አያታልለን። በሐሰት ሰነድ ቪዛ የጠየቀ ሰው ዕድሜ ልኩን ሊከለከል ይችላል።

ይህን ስል «ባሕር ማዶ አትመኙ» ማለቴ አይደለም። ምኞቱ ከየት እንደ መጣ አውቃለሁ። የ2014 ዓ.ም.ን የ12ኛ ክፍል ፈተና ከተፈተኑት መካከል የማለፊያውን ነጥብ ያገኙት 3.3 ከመቶ ብቻ ነበሩ። ከነሐሴ 2015 ዓ.ም. ወዲህ በክልላችን በተነሣው ግጭት ትምህርት በየጊዜው ተቋርጧል፤ የሞባይል ኢንተርኔትም ለብዙ ወራት ተዘግቶ ነበር። በር ሲጠብበት ሌላ በር የሚፈልግ ልጅ አይወቀስም። የምለው ግን የሚያንኳኳውን በር ይምረጥ ነው።

የሚከፍሉልን በሮች አሉና። የቱርክ መንግሥት የሚሰጠው የነጻ ትምህርት ዕድል ማመልከቻው ገንዘብ አይጠየቅበትም፤ የትምህርቱን ክፍያ፣ መኖሪያውንና የአውሮፕላን ቲኬቱንም ይችላል። በአሜሪካም እንደ ሃርቫርድ፣ ዬልና አምኸርስት ያሉት የውጭ አገር አመልካችን ድህነት ለመከልከያ ምክንያት አያደርጉም፤ ለተቀበሉት ተማሪ ቤተ ሰቡ ሊከፍል የማይችለውን ያሟላሉ። እነዚህ በሮች እጅግ ጠባቦች ናቸው፤ ግን በሬ አያሸጡም። የማመልከቻ ክፍያም ቢኖር ለችግረኛ ተማሪ የሚነሣበት መንገድ አለ፤ ብዙዎቻችን ይህን ሳናውቅ ከፍለናል።

ስለዚህ ትምህርት ቤታችንን አንድ ነገር እለምናለሁ። በቤተ መጻሕፍቱ ግድግዳ ላይ አንድ ሰሌዳ ይሰቀልልን። ሙሉ ወጪ የሚችሉት የትምህርት ዕድሎች፣ የሚያበቁበት ቀንና የሚጠይቁት ወረቀት ይጻፍበት። ደብዳቤ ሲመጣ ሒሳቡን ከተማሪው ጋር ተቀምጦ የሚያሰላ አንድ መምህርም ይመደብልን። ወላጆቻችንንም የምለምነው እልልታው ከሒሳቡ በኋላ እንዲሆን ነው። ድስት ጥዶ ከማልቀስ አስቀድሞ መጥኖ መደቆስ ይሻላል።

እኔ ለኮሌጁ የምስጋና ደብዳቤ ጽፌ ቦታውን ትቼዋለሁ። ቀላል አልነበረም፤ ደብዳቤውን ከላክሁ በኋላ ለብዙ ቀን ከጓደኞቼ ጋር መጫወት አስጠልቶኝ ነበር። አባቴም የቆጡን አወርድ ብሎ የብብቱን እንዳይጥል ከለከልሁት እንጂ ክብሩን የነካሁበት መስሎት አዝኖ ነበር፤ በኋላ ግን ተረዳኝ። አሁን አሳቤ ፈተናውን አልፌ በአገሬ ዩኒቨርሲቲ መማር፣ ከዚያም ሙሉ ወጪ የሚችል ዕድል ሲገኝ ለሁለተኛ ዲግሪ ማመልከት ነው። በአገራችን የመንግሥት ዩኒቨርሲቲ የወጪ መጋራቱ ዕዳ ተመርቀው ሥራ ሲይዙ ከደመወዝ የሚከፈል ነው፤ አስቀድሞ በሬ አያስወጣም።

በሬዎቹም አልተሸጡም፤ ለሰኔ እርሻ ይጠመዳሉ። ለሁላችንም መልካም ፈተና እመኛለሁ።