ምድረ በዳን በብስክሌት ስለ ማቋረጥ፤ ሙቀትና ሰደድ እሳት ባለበት ወራት ቤተ ሰብ የሚያደርገው ዝግጅት

ልጅ በውጭ አገር ሲኖር ቤተ ሰቡ ስለ ጤናው፥ ስለ ትምህርቱና ስለ ሥራው መጠየቁ የተለመደ ነው። የዕረፍት ጊዜውን በምን እንደሚያሳልፍ የሚጠይቅ ግን ጥቂት ነው። በምዕራብ አሜሪካ፥ በተለይም በፊኒክስ፥ በላስ ቬጋስና በዴንቨር ከተሞች ብዙ ወገኖቻችን ይኖራሉ፤ ከነዚህም ከተሞች ወጣ ሲሉ ሰፊ ምድረ በዳና ረዣዥም ተራሮች ይገኛሉ። እንግዲህ በዚያ የሚኖር ልጅ የአገሩን ጎልማሶች አይቶ፥ «ብስክሌቴን ይዤ ከሜክሲኮ ጠረፍ እስከ ዩታ ልጓዝ ነው» ብሎ ቢጽፍ፥ አባትና እናቱ ምን ብለው ይመልሱለታል? «በሰላም ያግባህ» ብሎ ዝም ማለት ለእንዲህ ያለ ጉዞ አይበቃም፤ «እንዳትሄድ» ብሎ መቈጣትም ልጁ ሳይናገር እንዲሄድ ከማድረግ በቀር ሌላ ጥቅም አይገኝበትም። የሚጠቅመው ነገሩን ዐውቆ፥ ጥያቄውን ለይቶ መጠየቅ ነው።

መንገዱ «የአሪዞና መንገድ» ይባላል። ርዝመቱ 800 ማይል፥ ማለት ወደ 1,290 ኪሎ ሜትር ነው። ሐሳቡን ያመነጨው በፍላግስታፍ ከተማ መምህር የነበረው ዴል ሸወልተር ሲሆን፥ እርሱም በ1985 ግዛቱን ከደቡብ እስከ ሰሜን በእግሩ ሄዶ መንገድ ሊወጣለት እንደሚችል አሳየ። (በዚህ ጽሑፍ ያለው ዘመን ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።) በ2009 የአሜሪካ መንግሥት በሕግ ብሔራዊ መንገድ ብሎ ሰየመው፤ በ2011 ሥራው ተፈጸመ። በእግር፥ በፈረስና በተራራ ብስክሌት ይኬድበታል። የተራራ ብስክሌት የሚባለውም በከተማ ከምናየው የሚለየው ጎማው ወፍራምና ጥርስ ያለው፥ የፊተኛው ሹካውም ድንጋይ ሲመታው እንደ ሞላ ገባ ወጣ የሚል በመሆኑ ነው። ተጓዡ ስንቁን፥ ውኃውንና የሌሊት መኝታውን በብስክሌቱ ላይ አስሮ ይጭናል።

ነገር ግን መንገዱ ሁሉ ለብስክሌት የተፈቀደ አይደለም። በ1964 በወጣው ሕግ መሠረት በተፈጥሮ እንደ ነበሩ እንዲቈዩ በተከለሉት ምድሮች ውስጥ ብስክሌት መግባት ስለማይችል፥ ተጓዡ እነርሱን በሌላ መንገድ እየዞረ ያልፋል። ግራንድ ካንየን ከተባለው ታላቅ ገደል ሲደርስ ደግሞ የሚያዞር ቅርብ መንገድ የለም። ስለዚህ ብስክሌቱን ፈታትቶ በጀርባው ተሸክሞ፥ ጎማው መሬት ሳይነካ፥ ወደ ገደሉ ወርዶ በማዶ ይወጣል፤ ይህም ከ30 ኪሎ ሜትር የበለጠ ነው። ብስክሌት ሰውን ይሸከማል ወይስ ሰው ብስክሌትን ብሎ የሚሥቅ አንባቢ ቢኖር አንፈርድበትም።

የዚህ መንገድ ጭንቁ ከፍታው አንድ ዓይነት አለመሆኑ ነው። በሂላ ወንዝ አጠገብ ከባሕር ወለል በላይ 500 ሜትር ያህል ብቻ ሲሆን፥ በሰሜን በካይባብ አምባ ላይ ከ2,700 ሜትር በላይ ይደርሳል። በአንዱ ስፍራ በረዶ ሳይቀልጥ በሌላው ድንጋዩ እጅ ያቃጥላል። ስለዚህ የሚመቸው ወራት በማርችና በኤፕሪል ከደቡብ ወደ ሰሜን መውጣት፥ ወይም ከሴፕቴምበር መጨረሻ ጀምሮ ከሰሜን ወደ ደቡብ መውረድ ነው። ይሁን እንጂ የዕረፍት ፈቃድን የሚሰጠው አለቃ ስለ ሆነ፥ በቢሮ ሥራ ያደግን ሁላችን እንደምናውቀው፥ ፈቃዱ የሚገኘው ብዙ ጊዜ በማይሆነው ወር ነው። ልጁም «በጁን ሁለት ሳምንት ተሰጠኝ» ይላል።

ጁን በአሪዞና እንዴት ያለ ወር ነው? ዝናቡ ገና አልመጣም፤ ሣሩና ቅጠሉ ደርቋል፤ በቆላው ጥላ የለም። በ2023 በፊኒክስ ከጁን 30 እስከ ጁላይ 30 ድረስ 31 ቀን ሙሉ ሙቀቱ በየቀኑ ከ43 ዲግሪ አለፈ። በዚያው ዓመት ከተማይቱ ባለችበት በማሪኮፓ አውራጃ ከሙቀት ጋራ በተያያዘ ምክንያት የሞቱት 645 ሰዎች ተቈጥረዋል። እነዚህ በተራራ ላይ የጠፉ መንገደኞች ብቻ አይደሉም፤ ውኃና መብራት ባለበት ከተማ ውስጥ የሞቱ ብዙዎች ናቸው።

አየሩ ከሰው ቈዳ ይልቅ በሞቀ ጊዜ ሰውነት የሚቀዘቅዘው በላብ ብቻ ነው። በደረቅ አገር ላቡ ሳይታይ ስለሚተን፥ ሰውየው «ገና አላላበኝም» እያለ በሰዓት አንድ ሊትርና ከዚያም በላይ ውኃ ያፈሳል። እንግዲህ ሒሳቡን በቤት እናድርገው። አንዱ ውኃ ከሌላው 40 ኪሎ ሜትር ቢርቅ፥ ድንጋያማም በሆነው መንገድ በሰዓት 8 ኪሎ ሜትር ቢሄድ፥ አምስት ሰዓት ይፈጅበታል። ለነዚህ ሰዓቶች አምስት ሊትር፥ ጎማ ቢፈነዳበት ወይም የሚጠብቀው ውኃ ደርቆ ቢያገኘው ደግሞ ሁለት ሦስት ሊትር መጠባበቂያ ያስፈልገዋል፤ ይህ ሰባት ስምንት ኪሎ ሸክም ነው። ሸክሙ ሲከብድ ጉዞው ይዘገያል፤ ጉዞው ሲዘገይ ውኃው ያንሳል። ልጁ ይህን ሒሳብ ለያንዳንዱ ቀን አውጥቶ ካላሳየ ገና ለመንገድ አልተዘጋጀም። በመንገዱ ዳር ደግ ሰዎች ውኃ የሚያስቀምጡበት ስፍራ አለ፤ ነገር ግን ትናንት ያለፈ ሰው ጨርሶት ሊሆን ስለሚችል ከስንቅ የሚቈጠር አይደለም። የከብት ማጠጫ ኩሬም ያጋጥመዋል፤ ያን የሚጠጣው አጣርቶ ነው።

በውኃ ብቻ መታመንም ሌላ አደጋ አለው። ጨው ያለበት ምግብ ሳይበላ ውኃ ብቻ አብዝቶ የሚጠጣ ሰው በደሙ ውስጥ ያለው ጨው እየቀጠነ ይሄድና ራሱን ያመዋል፥ ያቅለሸልሸዋል፥ ይደናገራል። ባልንጀራው ይህን አይቶ ውኃ ጥም መስሎት ሌላ ውኃ ቢጨምርለት ይጐዳዋል። ስለዚህ ስንቁን የሚያሰናዱ እናቶችና እኅቶች ጣፋጩን ቀነስ፥ ጨው ያለበትን ጨመር ቢያደርጉ መልካም ነው፤ ቈሎም ጨው ከተነሰነሰበት ለዚህ የሚስማማ ስንቅ ነው።

የጉዞው ሰዓት ሌሊቱ ሳይነጋ ይጀመርና ከረፋዱ 4 ሰዓት በፊት ያቆማል፤ ከዚያ እስከ 10 ሰዓት በጥላ ማረፍ ነው። የግራንድ ካንየን ጠባቂዎችም በበጋ በነዚህ ሰዓቶች በገደሉ ውስጥ እንዳይኬድ ይመክራሉ፤ የገደሉ ሥር ከአፋፉ በ11 ዲግሪ ያህል ይሞቃልና።

አሁን ወደ እሳቱ እንመለስ። ሙቀቱን የሚፈራ ሰው «ቆላውን ትቼ በደጋው በጥዱ ጫካ ውስጥ እሄዳለሁ» ይላል፤ ሐሳቡም ደህና ይመስላል። ነገር ግን በዚያው ወር የሚቃጠለው ያው ጫካ ነው። ሙቀት ወደ ላይ ያባርረዋል፥ እሳት ወደ ታች ይመልሰዋል፤ የአሪዞና የበጋ ጉዞ ችግሩ ሁሉ በነዚህ በሁለቱ መካከል ነው። ቆላውም ቢሆን እንደ ቀድሞው ከእሳት የተጠበቀ አይደለም። ለከብት መኖ ተብሎ ከአፍሪካ የተወሰደ አንድ ዓይነት ሣር በቁልቋሎቹ መካከል ተስፋፍቶ፥ እሳትን ከማያውቀው ምድረ በዳ እሳት ያዛምታል።

በጁን 5 ቀን 2020 በቱሳን ከተማ አጠገብ ባሉት በሳንታ ካታሊና ተራሮች ላይ መብረቅ ያስነሣው እሳት ከ48,000 ሄክታር በላይ አቃጠለ፤ መንገዱ በነዚያ ተራሮች ላይ ያልፋል። በጁን 2022 በፍላግስታፍ ሰሜን የተነሣው ደግሞ ምክንያቱ የሚያሳዝን ነው፤ በጫካ ያደረ አንድ ሰው የመጸዳጃ ወረቀቱን አቃጥሎ በድንጋይ ሥር በመተዉ ከ10,000 ሄክታር በላይ ነደደ። ከዚያ በኋላ ዝናብ ሲመጣ፥ ሣርና ሥር የሌለው ምድር ውኃውን መያዝ ስላልቻለ፥ ጎርፉ ከተራራው ወርዶ ከከተማው ሰፈሮች ገባ። እሳት የበላው ስፍራ እሳቱ ከጠፋም በኋላ የማያስተማምነው ስለዚህ ነው፤ የሞተው ዛፍ ያለ ነፋስ ይወድቃል፥ ደረቁ ሸለቆ በሩቅ በዘነበ ዝናብ ይሞላል።

ከሁሉ የሚያስተምረው ግን የ2025 ነው። በጁላይ 4 ቀን በግራንድ ካንየን ሰሜናዊ አፋፍ መብረቅ ትንሽ እሳት አስነሣ። የእሳት ሠራተኞቹ መጀመሪያ በወሰን ይዘው ሊቈጣጠሩት አሰቡ፤ ከሳምንት በኋላ ነፋሱ በርትቶ ወሰኑን አለፈ። በ1928 ተሠርቶ በ1932 በእሳት የጠፋውና በ1937 እንደ ገና የታነጸው ታላቁ የእንግዳ ማረፊያ ተቃጠለ። የመጠጥ ውኃ ማጣሪያውም ስለ ተቃጠለ ክሎሪን የተባለው ጋዝ ወጣ፤ ይህም ከአየር የሚከብድ በመሆኑ ወደ ገደሉ ሊወርድ ይችላል ተብሎ በገደሉ ውስጥ ያሉት መንገዶች ተዘጉ። እሳቱ በጠቅላላው ከ58,000 ሄክታር በላይ በላ። አስቡት፤ ከደቡብ ተነሥቶ ብዙ መቶ ኪሎ ሜትር የመጣ ተጓዥ በዚያ ሳምንት ከገደሉ ደቡብ ቢደርስ፥ እሳቱ ከማዶ ሆኖ ሳለ እርሱ የሚወርድበት መንገድ በጋዝ ምክንያት ተዘግቶ ያገኘዋል። ይህን የሚያህል ነገር በካርታ ላይ ቀድሞ ሊያነብ የሚችል የለም።

ጢሱም ከእሳቱ ርቆ ይሄዳል። በአሜሪካ የአየሩን ንጽሕና በቍጥር ያስታውቃሉ፤ ከ50 በታች መልካም ነው፥ ከ150 በላይ ለማንኛውም ሰው ጤና ይጐዳል፥ ከ300 በላይ አደገኛ ነው። ዳገት የሚወጣ ሰው አብዝቶ ስለሚተነፍስ ከተቀመጠው ይልቅ ብዙ ጢስ ይስባል። አፍና አፍንጫን አጥብቆ የሚሸፍነው ማጣሪያ ከጢሱ ለመውጣት ይረዳል እንጂ እርሱን አድርጎ ቀኑን ሙሉ ፔዳል መምታት አይቻልም።

እንግዲህ ዋናው ነገር ይህ ነው። ፀሐይ የመታው ሰው አስቀድሞ የሚጐዳው አእምሮው ነው፤ ይደናገራል፥ ይቈጣል፥ «ደህና ነኝ» ይላል። ጢስ ያየም ሰው መቶ ኪሎ ሜትር ከመጣ በኋላ ኰረብታው ማዶ ያለውን እሳት እንደ ሩቅ ሊቈጥረው ይፈልጋል። ስለዚህ የመመለሱ ፍርድ በመንገድ ላይ የሚሰጥ ሊሆን አይገባውም፤ በቤት፥ ውኃ ጠጥቶ በጥላ በተቀመጠ ሰው፥ በወረቀት ላይ መጻፍ አለበት። የመዝገብ ሥራ የለመደ ሰው እንደሚያውቀው፥ ያልተጻፈ ውል በችግር ቀን ሁለት ትርጓሜ ያገኛል።

ወረቀቱ ረጅም መሆን አያስፈልገውም። የሚያልፍበት ዝቅተኛው ስፍራ የሙቀት ትንበያ ከ38 ዲግሪ ካለፈ አይነሣም። የአየር ጠባይ መሥሪያ ቤት ስለ ደረቅ አየርና ስለ ብርቱ ነፋስ «ቀይ ባንዲራ» የተባለውን የእሳት ማስጠንቀቂያ ካወጣ በዚያ ቀን ወደ ጫካ አይገባም። ከፊቱ ያለው መንገድ በእሳት ምክንያት ከተዘጋና የተፈቀደ መዞሪያ ከሌለ፥ ጉዞው በዚያ አበቃ። የያዘው ውኃ ግማሹ አልቆ የመንገዱ ግማሽ ካላለቀ ይመለሳል። ለያንዳንዱም ቀን ወደ መኪና መንገድ የሚያወጡ ሁለት መውጫዎች ይመረጡ፤ አንዱን እሳት ቢዘጋው በሌላው እንዲወጣ። ቍጥሮቹን ልጁ ራሱ ቢያጠብቃቸው ደስ ይለናል፤ ሊያላላቸው ቢፈልግ ግን ከመነሣቱ በፊት ይከራከር። ከተነሣ በኋላ የሚሰጥ ምክር ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ነው።

በዚህ ስፍራ ቤተ ሰብ የሚያበላሸው አንድ ነገር አለ፤ እርሱም ኀፍረት ነው። የባቡሩ ወይም የአውሮፕላኑ ዋጋ ተከፍሏል፤ ባልንጀሮች ሰምተዋል፤ አጎቱም በግብዣ ላይ «የኛ ልጅ ምድረ በዳ ሊያቋርጥ ነው» ብሎ ተናግሯል። እንዲህ ባለ ጊዜ ልጁ በሦስተኛው ቀን ቢመለስ የሚቀበለው ሣቅ እንደ ሆነ ካወቀ፥ ወረቀቱን በኪሱ ይዞ ወደ እሳቱ ይሄዳል። አባት «ብትመለስ የከሰረውን እኔ እከፍላለሁ፥ ማንም ምክንያቱን አይጠይቅህም» ብሎ አስቀድሞ ቢነግረው፥ ይህ ቃል ከሁለት ኮዳ ውኃ የበለጠ ስንቅ ነው።

የቀረው የመልእክት ነገር ነው። በብዙው መንገድ ስልክ ስለማይሠራ በሳተላይት አጭር መልእክት የሚልክ ትንሽ መሣሪያ ይያዝ፤ ጠዋት ሲነሣና ማታ ሲያርፍ ያለበትን ያስታውቅ። አሪዞና ከአዲስ አበባ በ10 ሰዓት ወደ ኋላ ነው፤ ልጁ ከምሽቱ 1 ሰዓት ሲጽፍ በኛ ከሌሊቱ 11 ሰዓት ይሆናል። ስለዚህ ጠባቂው በዚያው አገር የሚኖር ነቅቶ የሚቈይ ዘመድ ወይም ወዳጅ ቢሆን ይሻላል፤ እናት በሌሊት ስልክ ይዛ እንድትቀመጥ ማድረግ አያስፈልግም። መልእክቱ ስንት ሰዓት ቢዘገይ ለማን እንደሚደወል ተወስኖ ይጻፍ። በአሪዞና የጠፋ ሰው የሚያስፈልገው የየአውራጃው ሸሪፍ ነው፤ መንገዱም ብዙ አውራጃዎችን ስለሚያልፍ የሁሉም ስልክ ቍጥር በዚያ ወረቀት ላይ ይኑር። ከዚሁ ጋራ የብስክሌቱና የልብሱ ቀለም፥ የሚወስደው መድኃኒት ካለም ስሙ ይመዝገብ። የጎማውንና የጫማውን ሶል ዱካ ደግሞ በለስላሳ ዐፈር ላይ አስጥሎ ፎቶግራፍ አንሥቶ መተው ነው፤ ፈላጊዎች በአሸዋ ላይ ከሚያዩት ብዙ ዱካ የርሱን የሚለዩት በዚያ ነው።