ጭንቀቱን ሁሉ በፌስቡክ አናላክክ

የኮሮና ዘመን በተነሣ ቁጥር አንድ የተለመደ ፍርድ እሰማለሁ፦ «ሰዉን የገደለው በሽታው ሳይሆን የፌስቡክ ወሬ ነው» ይባላል። ፍርዱ ግማሽ እውነት አለው። ሌላው ግማሽ ግን ከተጠያቂነት ማምለጫ ነውና በዝምታ ላልፈው አልችልም።

አስቀድመን እውነቱን እንቀበል። መጋቢት 4 ቀን 2012 ዓ.ም. የመጀመሪያው ታማሚ መገኘቱ ተነገረ፤ በቀናት ውስጥ ትምህርት ቤቶች ተዘጉ፤ መጋቢት 30 የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታወጀ፤ ከአራት ሰው በላይ መሰብሰብም ተከለከለ። ተበላን ለሚያውቅ ሰው የዚህ ክልከላ ክብደት አይጠፋውም። ከሶዶ ወደ አርባ ምንጭ በሚወስደው መንገድ ላይ ያለች የሁምቦ ከተማ ናት፤ በእንዲህ ያለ ከተማ ወሬ የሚጣራው በገበያ፣ ሐዘን የሚቀልለው በለቅሶ ነው። በገበያ የሰሙትን ክፉ ወሬ ጎረቤት «ማን ነገረህ?» ብሎ ያፈርሰዋል። ስልክ እንዲህ ያለ ጎረቤት የለውም። ልጅ ከጣሊያን የመጣውን የሬሳ ሣጥን ምስል ለእናቱ ያሳያል፤ ሌሊቱን ሁለቱም አይተኙም። ሲነጋ የያኔዋ የጤና ሚኒስትር ዶክተር ሊያ ታደሰ የሚያወጡትን ዕለታዊ ቁጥር እንደ ሎተሪ ዕጣ ይጠብቃሉ። የዓለም ጤና ድርጅት ይህንን የወሬ ጎርፍ ገና በየካቲት ወር «ኢንፎዴሚክ» ብሎት ነበር።

ለመሆኑ ጎርፉን ያበዛው ተራው ሰው ብቻ ነበርን? መጋቢት 18 ቀን የጤና ሚኒስቴርና የኢኖቬሽንና ቴክኖሎጂ ሚኒስቴር በአገር በቀል ዕውቀት የተመሠረተ መድኃኒት መሠረታዊ ምርምሩን ማለፉን አስታወቁ። በእንስሳትና በሰው ላይ ሊሞከር ገና የቀረውን ነገር፣ በዚያ የፍርሃት ሰሞን፣ በአደባባይ ማብሠር ምን ይባላል? ፌስቡክ የሠራው «ገና» የምትለዋን ቃል መጣል ብቻ ነው።

ከዚህ የከፋው ግን ዝምታው ነው። የመጀመሪያው ታማሚ ሲገኝ በምዕራብ ኦሮሚያ ብዙ አካባቢዎች ስልክም ኢንተርኔትም ተቋርጦ ነበር፤ የተለቀቀው በመጋቢት መጨረሻ ገደማ ነው። ሰኔ 22 ሃጫሉ ሁንዴሳ ከተገደለ በኋላ ደግሞ ኢንተርኔት በመላ አገሪቱ ለሳምንታት ጠፋ። ወሬ ያስጨንቃል ከተባለ ዝምታ ያረጋጋል ማለት ነውን? በውጭ አገር ሆኖ የእናቱን ድምፅ ሊሰማ ያልቻለውን ሰው ጠይቁት።

ነሐሴ 3 ቀን 2012 ዓ.ም. በሶዶ የዞኑ መሪዎች በስብሰባ ላይ ሳሉ ታሰሩ፤ በተከታዮቹም ቀናት ሰዎች ተገደሉ። በዚያ ሳምንት የወላይታ እናት እንቅልፍ ያጣችው በቫይረስ ይመስላችኋልን?

ኩባንያውንም ነጻ አላወጣውም። ፍርሃት ብዙ ጊዜ ያስነካል፤ በተነካ ቁጥር ማስታወቂያ ይሸጣል። ፌስቡክ በ2021 እ.ኤ.አ. ለኢትዮጵያ እከታተልባቸዋለሁ ብሎ የዘረዘራቸው ቋንቋዎች አማርኛ፣ ኦሮምኛ፣ ሶማልኛና ትግርኛ ነበሩ። ወላይትኛ አልነበረበትም። መንግሥት በበኩሉ በዚያው መጋቢት ባወጣው አዋጅ ቁጥር 1185/2012 ከ5,000 በላይ ተከታይ ያለውና የሐሰት መረጃ ያሰራጨ ሰው እስከ 3 ዓመት እንዲታሰር ደንግጓል። እስሩ በአማርኛ ተጽፎልናል፤ በዚያ የመከራ ወቅት በተበላ የምትኖር አሮጊት በወላይትኛ ጠይቃ መልስ የምታገኝበትን ስልክ ግን የትኛው አንቀጽ አዘዘላት?